የመንደሪን ስም የነበረው ልዑል

ኦክዳን የልጇን ጸጉር ጎነጎነች፤ ፈታችውና እንደገና መጎንጎን ጀመረች። የክፍሉ ወለል ከሥር በእሳት የሚሞቅ ነው፤ ቦቤም በባዶ እግሯ ተቀምጣ ጣቶቿን እያፍታታች ትጫወታለች።

«እማዬ፣ አሳመምሽኝ።»

«ትንሽ ቻይ፤ ልጨርስ ነው።»

«ዛሬ አባባን አየዋለሁ?»

«ታያቸዋለሽ። አየዋለሁ አይባልም፤ አያቸዋለሁ ነው የሚባለው። አባባም አይባልም። ግርማዊነታቸው ነው።»

ቦቤ ይህን ነገር በልቧ አብሰለሰለችው። «ታዲያ አባባ የሚባለው ማን ነው?» አለች።

በሩ አጠገብ ተቀምጣ የልጅቱን ጫማ ታሰናዳ የነበረችው ማክዶክ ሳቋን በእጅጌዋ ሸፈነች። ማክዶክ ኦክዳንን ራሷን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሞግዚት ናት። ጀርባዋ አሁን ጎብጧል፤ ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

«ተያት እስቲ ልጄ» አለች። «ከንጋት ጀምረሽ ስታስጠኛት እኔ እንኳ የማውቀው ጠፋብኝ። ንጉሡን ሳይ ልስገድ ልዝፈን ግራ ገብቶኛል።»

«አትቀልጂ ማክዶክ። ስንት ዓይን ነው የሚጠብቀን!» ኦክዳን የልጇን አገጭ ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት። «አዳራሹ ውስጥ ምን ትያለሽ?»

«ምንም።»

«ቢርብሽስ?»

«ምንም።»

«ቢያስነጥስሽስ?»

ቦቤ አሰበች። «ማስነጠስ ማውራት ነው እንዴ?»

ኦክዳን ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ልጇ ስትስቅ ትን እንዳይላት ትፈራለች። ልጇ ስትተኛ ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ከበሩ ውጪ የእግር ድምፅ ከሰማች ሊወስዷት መጡ ብላ ትነሣለች። እንዲህ ሆና ግን አልተፈጠረችም። በእናቷ ቤት ሳለች፣ የሟቹ ንጉሥ ስድስተኛ ልጅ አግብቷት እንደማንኛውም አማች ጓዙን ተሸክሞ ከወንዙ ማዶ ወደ እናቷ ግቢ በገባ ጊዜ፣ ኦክዳን ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ሳቅ ነበራት።

የባሏ ስም ግዩል ነበር፤ መንደሪን ማለት ነው። በጎርዮ ምድር ዙፋን ለሚጠብቃቸው ልዑላን ማንም የማይጠቀምበት ብርቅ ቃል ተፈልጎ ነው ስም የሚወጣላቸው። ሰው ከነገሠ በኋላ ስሙን ማንም በአፉ አይጠራውም፤ ሕዝቡም በዚያ እንዳይቸገር ነው። ለስድስተኛ ልጅ ግን ማን ይጨነቃል? እናቱ ነፍሰ ጡር ሳሉ መንደሪን አምሯቸው ስለነበር ግዩል አሉት፤ በቃ።

ከዚያ ፈንጣጣ ገባ። ወንድሞቹን አንዱን በሌላው ላይ እያስከተለ ጨረሳቸውና ማንም ያልጠበቀው ግዩል ነገሠ። ፍሬው በማግስቱ «የባሕር ማዶ ፍሬ» ተባለ። እንደለመደው «ግዩል! ግዩል!» እያለ ገበያ መሐል የጮኸ ቸርቻሪ በዱላ ተገርፎ ለወራት በሆዱ ተኛ። ኦክዳንም ባሏን የምትጠራበትን ቃል አጣች።

በነገሠበት ቀን ግንባሯን መሬት አስነክታ «ግርማዊነትዎ» አለችው። ቀና ስትል ዓይኑ ላይ አንድ ነገር አየች። ቁጣ መሰላት። ወሰንሽን ዕወቂ ያላት መሰላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሰኗን ዐወቀች፤ አንተ ማለት ቀረ፤ በልቧ ስታስባቸው እንኳ እርሳቸው እያለች ማሰብ ጀመረች። ንጉሡ መጀመሪያ ሰሞን ደጋግመው ወደ ክፍሏ ይመጡ ነበር። ታላቁ ሚኒስትር ልጃቸውን ንግሥት አድርገው ከዳሩላቸው ወዲህ ግን የሚመጡት ለበዓል ነው። እሷም «የምዕራቡ ቤት እመቤት» ሆና ቀረች። ኦክዳን ብሎ የሚጠራት የለም፤ ማክዶክ እንኳ ልጄ ነው የምትላት።

«ተነሺ እንግዲህ፣ ከበሮው ተመታ» አለች ማክዶክ።

ኦክዳን የቦቤን እጅ ያዘች። ቀኑ ገና ሳይጀመር ደክሟት ነበር።

*

የክረምቱ በዓል በታላቁ አዳራሽ ፊት ነው የሚከበረው። ባለሥልጣኖቹ በማዕረጋቸው ተሰልፈዋል። ሴቶቹ በግራ በኩል ከንግሥቲቱ ኋላ ተቀምጠዋል። የምዕራቡ ቤት እመቤት ቦታዋ ጥግ ላይ ስለሆነ ነፋሱ የሚያገኛት እሷን ነው። ቦቤን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገቻት።

ንጉሡ ሩቅ ነበሩ። ከስተዋል። ኦክዳን ማንም ሳያያት አገጫቸውን፣ አንገታቸውን፣ እጃቸውን በዓይኗ ዳሰሰች። ይበሉ ይሆን? ያስላቸው ይሆን? ማንን ትጠይቅ? ድንገት ዓይናቸው ወደ ጥጉ መጣና ዓይኗ ላይ ዐረፈ። ቶሎ አቀረቀረች። አቀርቅራ ስትቆይ እሳቸው አሁንም እያዩዋት መሆኑን አላወቀችም።

የታምና ደሴት ሰዎች ግብራቸውን ይዘው ቀረቡ። በባሕር ቆዳቸው የጠቆረ፣ ወገባቸውን በገመድ የታጠቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቅርጫቱን አስቀምጦ ገለባውን ገለጥ ሲያደርገው ብጫ ፍሬ ወለል አለ። ሽታው በዚያ ብርድ ውስጥ ሴቶቹ ድረስ መጣ። ቦቤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ የባሕር ማዶ ፍሬ ከንግሥቲቱ ቤት ዐልፎ ምዕራቡ ቤት አይደርስም። ከእናቷ ጉያ ሹልክ ብላ ቆመች።

«እማዬ! እማዬ! ይኸውልሽ ግዩል!»

ዋሽንት ነፊው ትንፋሹ መሐል ላይ ቀረ።

«ተረትሽ ላይ ያለው ግዩል!» አለች ቦቤ፣ ሁሉም ዝም ስላለላት ደስ ብሏት። «ክብ ነው፣ ሽታው ያስቃል ያልሽኝ፣ እውነትሽን ነው!»

ከደሴቱ ሰዎች አንዱ ሳቅ አመለጠው። ሌላው በክርኑ መታው። ንግሥቲቱ ቀስ ብለው ዞር አሉና ኦክዳንን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ኦክዳን ልጇን ጎትታ ፊቷን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። ስትጎትታት ግን ሳትወድ ወደ ዙፋኑ ተመለከተች። በንጉሡ ፊት ላይ ያ የነገሡበት ቀን አስተያየት ነበር፤ ያው ራሱ። 

*

ከሰዓት በኋላ የንጉሡ እናት ኦክዳንን፣ ቦቤንና ማክዶክን አስጠሯቸው። ክፍላቸው በመጋረጃ የተከፈለ ነው፤ ከወዲያ በኩል ማን እንዳለ አይታይም። የሥርዓት ሹሙ በር አጠገብ ተንበርክኮ እጆቹን እጅጌው ውስጥ ከቶ ጠበቀ። ቦቤ የአያቷ ጭን አጠገብ ተቀምጣ የማር ቂጣ ትበላለች። ምንም አልገባትም።

«ልጅቱ ሕፃን ናት፤ አትቀጣም» አለ ሹሙ። «ቃሉን ያስተማራት ግን አለ። አገልጋይ ከሆነች በወፍራሙ ዱላ ተገርፋ ወደ ደሴት ትሄዳለች። እናትየዋ ከሆነች ደግሞ...» እዚህ ላይ ኦክዳንን ላለማየት ወለሉን አየ። «አፏን መጠበቅ የማትችል እናት የንጉሥ ልጅ አታሳድግም። ልጅቱ ለንግሥቲቱ ትሰጣለች።»

«እኔ ነኝ» አለች ማክዶክ። ከማንም ቀድማ ነው ያለችው። «አርጅቻለሁ፤ አፌ ያመልጠኛል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዱላውን የምትችይው ይመስልሻል?»

«ዱላው እኔን ይቻለኝ እንጂ ጌታዬ! አጥንት ብቻ ነኝ፤ ይሰበርባችኋል።»

ኦክዳን ማክዶክን አየቻት። ማክዶክ ደግሞ እሷን አላየቻትም፤ ሆን ብላ የመጋረጃውን ጥልፍ ትቆጥር ጀመር። ነገሩ ግልጽ ነበር። ኦክዳን ዝም ካለች ቦቤ ዛሬም ጉያዋ ታድራለች፤ ማክዶክ ግን ከመጀመሪያው ምት በኋላ አትነሣም። ኦክዳን ከተናገረች ደግሞ የዚያች ልጅ ጸጉር ነገ በሌላ ሴት እጅ ይጎነጎናል። ስታስነጥስ የሚደነግጥላት አይኖርም። ኦክዳን የፈራችው ሁሉ፣ በየእግር ድምፁ የጠበቀችው ሁሉ፣ ይኸው መጣ። ሲመጣ ግን እንዳሰበችው አላስጮኻትም። ደከማት ብቻ።

«ውሸቷን ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ልጄ!» አለች ማክዶክ። «ዝም በይ!»

«አንቺ ዝም በይ። በጀርባሽ አዝለሽ አሳደግሽኝ፤ በጀርባሽ ደግሞ ልትገረፊልኝ ነው?»

የንጉሡ እናት ወደ ኦክዳን ዞሩ። ከዚያ «ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻት?» አሉ።

ኦክዳን ልትመልስ ቀና አለች። ቦቤ ግን አፏ ውስጥ የቀረውን ቂጣ ዋጠችና «ተረት ነዋ» አለች። «በፍሬ ስም የተጠራ፣ ግዩል የሚባል ሰው ነበር። የሚስቱ እናት የማር ቂጣ ሲደብቁ በመስኮት ይገባና ይሰርቃቸዋል። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ተሰነቀረ። እግሩ ውጪ፣ አፉ ቤት ውስጥ።»

«ሚስቱስ?» አሉ አያቷ።

«ሚስቱማ መጎተት ሲገባት እግሩን ይዛ ትኮረኩረዋለች! እሱ ደግሞ ሊስቅ ሲል ቂጣው ያንቀዋል። ከዚያ የሚስቱ እናት መጡና፣ ‹ይሄ አማቼ ነው የጎረቤት ድመት?› አሉ።»

የንጉሡ እናት አፋቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተነቃነቀ። እጅጌያቸውን ሲያወርዱት ግን ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ግዩል ጠፋ። የት እንደሄደ እማዬ አታውቅም። እዚያ ላይ ስትደርስ ሁሌ ጉንጉኔን ታጠብቀዋለች።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ሳል አለ። አጭር፣ ሊደበቅ የተሞከረ ሳል ነበር። ኦክዳን በእናቷ ቤት ስንቱን ክረምት ጎን ለጎን የሰማችው ሳል ነው። ንጉሡ እዚያ ተቀምጠው ኖረዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ነበሩ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ፤ ምነው ወለሉ ተከፍቶ በዋጠኝ አለች።

*

በማግስቱ ጠዋት በረዶ ጣለ። ንጉሡ ያለ አጃቢ በእግራቸው መጡ። አንድ አሽከር ብቻ ከግቢው በር ውጪ ቀርቷል። ማክዶክ ስታያቸው ቦቤን አቅፋ ወደ ጓዳ ሸሸች። ኦክዳን ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች።

«ተነሺ።»

አልተነሣችም። «ፍርዱን ይንገሩኝና እነሣለሁ።»

«ማክዶክ አትገረፍም።»

ኦክዳን ግንባሯን ከወለሉ አላነሣችም። መልካሙ ነገር ቀድሞ ሲነገር ክፉው ከኋላ እንደሚመጣ ታውቃለች።

«ሚኒስትሩ ልጅቱ ለንግሥቲቱ ትሰጥ ብለው ቆርጠው ነበር» አሉ ንጉሡ፣ ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ እየተቀመጡ። «እናቴ ናቸው ያዳኑን። ‹ልጅ በእናቷ እናት ቤት ማደጓ የአገሩ ወግ ነው፤ ሥርዓት ይከበር ያለ ሰው ሥርዓት ሊያፈርስ ነው እንዴ?› አሏቸው። ሚኒስትሩም እሺ አሉ። ቦቤ ወደ እናትሽ ቤት ትሄዳለች። አንቺም አብረሻት።»

ያኔ ቀና አለች። ልጇ ከእሷ ጋር ናት! ልጇን አልወሰዷትም! ደስታው ግን ገና ደረቷ ሳይደርስ ሌላው ነገር ገባት።

«እስከ መቼ?»

ንጉሡ እጃቸውን አዩ። «አንዴ ከዚህ ቤት የወጣች እመቤት ተመልሳ አትገባም። ታውቂዋለሽ።»

በረዶው ከጣሪያው ላይ ዱብ ሲል ተሰማ።

«ለምን ለልጅቱ ነገርሻት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሌላ የምነግረው ስለሌለኝ።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ከለከሉኝ።»

«እኔ? መቼ?»

«በነገሡበት ቀን። በዓይንዎ።» አለች ኦክዳን። «ቀና ስል እንዴት እንዳዩኝ ረሱት? ትናንትም እንደዚያው ነው ያዩኝ። ቁጣዎን አልረሳሁትም፤ አንድም ቀን ከፊቴ ጠፍቶ አያውቅም።»

 ንጉሡ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የሚያስለቅስ ዓይነት ነበር።

«ኦክዳን» አሉ።

ስሟን ስትሰማ ሰውነቷ ደነገጠ።

«ያን ቀን ፈርቼ ነበር። ወንድሞቼ ያለቁበት ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ያ ሁሉ ሰው በግንባሩ ተደፋ። ዓይኔ አንቺን ፈለገ። እሷ ብቻ ቆማ እንደ ሰው ታየኛለች አልኩ። ሳይሽ አንቺም ተደፍተሻል።»

«ብቆም ኖሮ አንገቴን ይሉኝ አልነበር?»

«ይሉሽ ነበር። ዐውቀው ነበር፤ ግን ማወቁ አልጠቀመኝም።» ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ግርማዊነትዎ፣ ግርማዊነትዎ። ሻይ ሲቀዳ ግርማዊነትዎ። መኝታ ሲነጠፍ ግርማዊነትዎ። ጠላችኝ አልኩ። እግሬን ባሳጥርላት ይሻላታል አልኩ።»

«እኔ ደግሞ የሰለቹኝ መስሎኝ።»

ተያዩ። ምንም የሚጨበጥ ነገር አልነበረም፤ ማንም አልበደለም፤ አንዲት አስተያየት በመሐላቸው ተጋድማ ወጣትነታቸውን በላችው። ኦክዳን ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባዋ ግን እንደ እሷው ደክሞት ነበር። እጃቸውን ያዘች። ቀዝቃዛ ነው። ስስ ልብስ ነው የለበሱት፤ የሚቆጣቸው ሰው የላቸውም።

«ይበላሉ?» አለች።

«እበላለሁ።»

«ውሸትዎን ነው።»

«አሁንም እርስዎ ነው የምትይኝ?»

«ምላሴ ለምዶብኝ ነው» አለች፤ አንገቷን ደፋች።

ከግቢው በር ውጪ አሽከሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉባኤ ተጠርቷል፤ ንጉሡ ሊዘገዩ አይችሉም። ሲነሡ እጇን ቶሎ አልለቀቁትም።

«በጸደይ እመጣለሁ። እንደ አማች፣ ከወንዙ ማዶ።»

ኦክዳን አዎ አለች። በልቧ ግን ሁሉን ቀድማ አየችው። በጸደይ የሰሜን ጠረፍ ወሬ ይመጣል። ሚኒስትሩ ይቆጣሉ። ንግሥቲቱ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። አንድ ጸደይ ይመጡ ይሆናል፤ በሁለተኛው መልእክተኛ ይመጣል፤ ከዚያ እሷና ቦቤ መንገዱን ማየት ይተዋሉ። ይህን ሁሉ እያወቀች ደጃፍ ድረስ ሸኘቻቸው። ንጉሡ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ራሳቸው ሲያደርጉ ግራና ቀኙ ተምታታባቸው፤ ይህን ሥራ ከሠሩት ቆይተዋል። ከዚያ በረዶውን እየረገጡ ሄዱ።

ኦክዳን ጀርባቸውን አየች። አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ይላል። ድሮም እንዲሁ ነበር።

«ግዩል!» አለች።

ድምፅዋ ጠራ ብሎ ወጣ። በረዶው ሌላውን ድምፅ ሁሉ ውጦታል። በሩ ላይ ያለው አሽከር ሰምቶ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ጓዳ ያለችው ማክዶክም ሰምታ የያዘችው ሳህን ከእጇ ሾለከ። የተጠራው ሰው ግን አልዞረም። መንገዱን ቀጠለ።

ቀልቧ ተገፈፈ። አልሰማም እንዳትል ሰምቷል። ስሙ መሆኑን ነው ያላወቀው። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ያላለው ሰው፣ ሌላ ሰው የሚጠሩ መስሎት እየሄደ ነው። ስሙን ከእሷ ብቻ የወሰዱት መስሏት ኖረ፤ ለካ ከእሱም ወስደውታል። በባዶ እግሯ ወደ በረዶው ወረደች።

«አንተ! አንተን እኮ ነው! ግዩል!»

ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ጀርባው ብቻ ነበር የሚታያት። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከባድ ሸክም ከላዩ እንዳነሡለት ሰው።

«ወዬ» አለ።

ዞሮ ምን ልትለው እንደሆነ ጠበቀ። ኦክዳን ግን የምትለው ነገር አልነበራትም። ልትጠራው ብቻ ነበር የጠራችው። እግሯ በረዶው ላይ ነደደ፤ እሱ ቆሞ ጠበቃት፤ ጉባኤው ጠበቀ፤ በረዶው መልሶ መጣል ጀመረ።